ሊኑክስ ሚንት፦ የትኛው ኮምፒውተር ይሸከመዋል፣ የትኛውስ ያስቸግራል?

ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን በነፃ የሚገኝ ስርዓተ ክወና) ሊሞክር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የኔ ኮምፒውተር ይችለዋል ወይ?» ብሎ ነው። ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት ግን ከተሳሳተ ቦታ ነው፤ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና ማሽኑ የወጣበትን ዓመት ያያሉ። ለሊኑክስ ሚንት ዕድሜ ያን ያህል አይወስንም። የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ ራሙ ስንት ነው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ (ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው) ነው ወይስ የሚሽከረከር፣ የዋይፋይ ቺፑ የማን ነው፣ ግራፊክስ ካርዱስ ምንድን ነው። በእነዚህ በአራቱ ያለፈ የአሥር ዓመት ላፕቶፕ፣ ገና ከካርቶኑ ከወጣ አዲስ ማሽን ያነሰ ጣጣ ሊኖረው ይችላል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሚንት እ.ኤ.አ. በ2006 በክሌመንት ለፌቭር የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና በነፃ የሚወርድ ስርዓተ ክወና ነው። መሠረቱ ኡቡንቱ የተባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ሲሆን በላዩ የራሱን ዴስክቶፕና መሣሪያዎች ይጨምራል። ለጀማሪ የሚመከረው ከሌሎቹ ስለሚያምር አይደለም። ዊንዶውስ የለመደ እጅ የሚፈልገውን በለመደበት ቦታ ስለሚያገኘው ነው፤ ሜኑው ታች በግራ ጥግ፣ ሰዓቱና የዋይፋይ ምልክቱ ታች በቀኝ፣ የተከፈቱት ፕሮግራሞች በመሃል። ሌላው ምክንያት የድጋፉ ርዝመት ነው። በጁላይ 2024 የጀመሩት የ22 ተከታታይ ዕትሞች እስከ 2029 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛሉ።

ጥያቄው በዚህ ሰሞን የበዛበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በዝርዝር የተቀመጠ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፣ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን። ሚንት ሁለቱንም አይጠይቅም።

ወረቀት ላይ ያለው ልክ

ፕሮጀክቱ ራሱ የሚያወጣው ዝቅተኛ ልክ 2 ጊጋባይት ራም፣ 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና 1024 በ768 የስክሪን ጥራት ነው። ለምቾት የሚመክረው 4 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ዲስክ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት መሆን አለበት፤ ኡቡንቱ ላይ የተመሠረተው ዋናው ሚንት በ32 ቢት ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በ19.3 ነው። ለአርም ፕሮሰሰር ዕትም የለውም፤ ስለዚህ ኤም1ና ከዚያ በኋላ የመጡት የአፕል ማኮች ከጨዋታው ውጪ ናቸው። ስክሪኑ ከተባለው ካነሰ የመስኮቶቹ የታችኛው ጠርዝ ከነቁልፎቹ ተቆርጦ ይቀራል፤ አልትን ተጭናችሁ መስኮቱን በማውዝ ወደ ላይ ስትጎትቱት ይታያል።

«ዝቅተኛ» ሲባል ስርዓቱ ተነስቶ ዴስክቶፑን ለማሳየት ይበቃዋል ማለት ነው። ሥራ ይሠራበታል ማለት አይደለም፤ ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ራም

ሲናሞን የሚባለው ዋናው የሚንት ዴስክቶፕ ምንም ሳይከፈትበት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ባለ 2 ጊጋባይት ማሽን ላይ፣ ግራፊክሱም ከዚያው ራም ስለሚቆርስ፣ ለብሮውዘር የሚተርፈው ከ1 ጊጋባይት በታች ነው። ዛሬ አንድ ከበድ ያለ ድረ ገጽ ብቻውን ጥቂት መቶ ሜጋባይት ይበላል። ጥቂት ታቦች ሲከፈቱ ራሙ ይሞላና ስርዓቱ የማይነካውን ዳታ ወደ ዲስክ ማውጣት ይጀምራል፤ ስዋፕ የሚባለው ይህ ነው። ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ማውዙ ሳይቀር ቆሞ ይቀራል። «ሊኑክስም እንደ ዊንዶውስ ሃንግ ያደርጋል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን አይቶ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብታስቡት ይሻላል። 2 ጊጋባይት ካላችሁ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ዕትም ጫኑ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ክፈቱ። 4 ጊጋባይት ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ በምቾት ይሄዳል፤ ሲናሞንም ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነና ታብ ካልበዛ ይሆናል። 8 ጊጋባይት ያለው የፈለገውን ይምረጥ።

ራም ልትጨምሩ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ማሽኑ ትርፍ ማስገቢያ አለው ወይስ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል? ቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ የተበየደ ነው ያላቸው። ሁለተኛ፣ ዲዲአር3 ነው ወይስ ዲዲአር4? የሁለቱ ጥርስ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይገባም። ሦስተኛ፣ ዲዲአር3 ከሆነ በ1.5 ቮልት የሚሠራው ነው ወይስ በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3ኤል? ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ይገባል፤ ነገር ግን 1.35 ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ባለ 1.5 ራም ሲገባበት አይነሳም።

ዲስክ

ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ራሙን ትታችሁ ኤስኤስዲ ግዙ። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ መርፌውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ስለሚያነብ፣ ተበታትነው የተቀመጡ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ ወደ መቶ ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚደርስባቸው። ኤስኤስዲ በሺዎች ይደርሳል። ስርዓት ሲነሳም ሆነ ብሮውዘር ሲከፈት የሚነበበው ደግሞ እንዲህ ያለ የተበታተነ ፋይል ነው። ስዋፕ ቢጀምር እንኳ ኤስኤስዲ ላይ ማሽኑ ይንቀራፈፋል እንጂ አይደርቅም።

ለቆየ ላፕቶፕ የሚገባው 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ 240 ጊጋባይት ለብዙ ሰው ይበቃል። ኤም.2 ማስገቢያ ካለው ተጠንቀቁ፤ በቅርጽ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት አሉ፣ በሳታ የሚሠራና በኤንቪኤምኢ የሚሠራ፤ አንዳንድ ማስገቢያ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። የማሽኑን ሞዴል መመሪያ ሳያዩ መግዛት አይገባም።

ነባሩን ሃርድ ዲስክ ልትጠቀሙ ከሆነ ጤንነቱን ከመጫናችሁ በፊት እዩ። ከፍላሽ በተነሳው ሚንት ውስጥ (ፍላሹ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከታች ይመጣል) «ዲስክስ» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩን መርጣችሁ፣ በላይኛው ሜኑ የስማርት ዳታውን ክፈቱ። እንዲተኩ የተደረጉ ሴክተሮችና ለመተካት ወረፋ የያዙ ሴክተሮች የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ሁለተኛው ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል፤ ሚንትን ጭናችሁ ከሳምንት በኋላ ስርዓቱን ብትወቅሱ ጥፋቱ የሱ አይሆንም።

32 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የተበየደ ትንሽ ማከማቻ) ይዘው የወጡ ርካሽ ላፕቶፖች ልዩ ጉዳይ ናቸው። ሚንት ይጫንባቸዋል፣ ይነሳል፣ ከወራት በኋላ ግን ይሞላል። የሚሞሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የድሮ ከርነሎች (ከርነል የስርዓቱ እምብርት ነው፣ ሲዘመን የድሮው ይቀራል)፣ ታይምሺፍት የሚይዛቸው የስርዓቱ ቅጂዎችና ፍላትፓክ የተባለው የፕሮግራም ጥቅል። በእንዲህ ያለ ማሽን ታይምሺፍትን ወደ ውጪ ዲስክ አዙሩት፣ ፍላትፓክን አትንኩ፣ በአፕዴት ማናጀር (ማሻሻያዎችን የሚጭነው ፕሮግራም) ምርጫዎች ውስጥ ያለፈባቸውን ከርነሎች ራሱ እንዲያጠፋ የሚለውን አብሩ።

ግራፊክስና ዋይፋይ

የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨር (ስርዓቱ ዕቃውን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም) ከርነሉ ውስጥ ስላለ ምንም አትጭኑም። ጣጣ ያለው ኤንቪዲያ ላይ ነው። ከፍላሽ ስትነሱ የሚሠራው ኑቮ የተባለው ክፍት ድራይቨር ነው፤ በአንዳንድ ካርዶች ላይ ከአርማው በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ያኔ እንደገና አስነሱና በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ። ምስሉ ሻካራ ይሆናል፣ ግን ሚንት ይጫናል። ከተጫነ በኋላ «ድራይቨር ማናጀር» ከፍታችሁ «ሪኮሜንድድ» የተባለበትን የኤንቪዲያ ድራይቨር መርጣችሁ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ነው። በጣም የቆዩ የኤንቪዲያ ካርዶች ግን የራሳቸው ድራይቨር ለአዳዲስ ከርነል ስለማይዘጋጅ ከኑቮ ጋር ይኖራሉ፤ ለቢሮ ሥራ አያንስም፣ ለጨዋታ ያንሳል።

ሲናሞን መስኮቶቹን የሚስለው በግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርዱ ሳይታወቅ ከቀረ ያንን ሥራ ፕሮሰሰሩ ይረከበውና ስርዓቱ በሶፍትዌር እየሳለ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ ይወጣል። ሚንት ከተጫነ በኋላም ማሳሰቢያው ካልጠፋ መፍትሔው ድራይቨር መጫን ወይም ወደ ኤክስኤፍሲኢ መሄድ ነው፤ ራም ብትጨምሩ አይለወጥም።

የዋይፋይ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የኢንቴል ቺፖች ይሠራሉ፣ የአቴሮስ አብዛኞቹም ይሠራሉ። ሪልቴክ እንደ ቁጥሩ ይለያያል። ብሮድኮም (በቆዩ ባለ ኢንቴል ማኮችና በብዙ የድሮ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው) ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ። ከዚህ ቀለበት የሚያወጣው ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው፤ አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ከሴቲንጉ የዩኤስቢ ቴተሪንግን ስታበሩ ሚንት ስልኩን እንደ ባለ ሽቦ ኔትወርክ ያየዋል፣ ድራይቨር አይጠይቅም። ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ክፈቱ። በጣም አዲስ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ ካልታየ ችግሩ ብዙ ጊዜ የከርነሉ ዕድሜ ነው፤ 22ና 22.1 በከርነል 6.8 ሲመጡ 22.2 ግን በ6.14 ነው የወጣው። በአፕዴት ማናጀር ውስጥ ከ«ቪው» ሜኑ የከርነሎቹን ዝርዝር ከፍቶ አዲሱን መጫን ይቻላል። አዲሱ ካስቸገረ፣ ሲነሳ የድሮውን ከዝርዝሩ መምረጥ ስለሚቻል አትፍሩ።

ሦስቱ ዕትሞች

ሲናሞን፣ ኤክስኤፍሲኢና ማቴ የሚለያዩት በዴስክቶፑ ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው ስርዓት፣ የሚጫኑት ፕሮግራሞችና የድጋፉ ጊዜ አንድ ናቸው። ሲናሞንን የሚሠራው የሚንት ቡድን ራሱ ስለሆነ ብዙ ትኩረት የሚያገኘው እሱ ነው። ኤክስኤፍሲኢ ደረቅ ይመስላል፣ ግን ደካማ ማሽን ላይ ልዩነቱ ይታያል። ማቴ በሁለቱ መካከል ነው፤ እሱን ለማውረድ የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ እለፉት። ኤልኤምዲኢ የሚባል አራተኛ አለ፤ ኡቡንቱን ትቶ በቀጥታ ዴቢያን (ኡቡንቱ ራሱ የተመሠረተበት ሊኑክስ) ላይ የቆመ ነው። የድራይቨር ማናጀር ምቾት ስለሚጎድለው ለጀማሪ አይመከርም።

ፍላሹን ማዘጋጀት

የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። 4 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል፣ 8 ቢሆን ይመረጣል፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፋይሉን ወደ ፍላሹ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚፈልገው የማስነሻ ክፍል ፍላሹ ላይ በራሱ ቦታ መጻፍ ስላለበት ነው። ዊንዶውስ ላይ ሩፈስን ወይም ባሌና ኤቸርን ተጠቀሙ። ጽፎ ሲጨርስ ዊንዶውስ «ይህ ፍላሽ ፎርማት ያስፈልገዋል» ቢል እሺ አትበሉ፤ የሊኑክሱን ክፍል ማንበብ ስላልቻለ ነው እንዲያ የሚለው።

ከመጻፍ በፊት የፋይሉን የኤስኤችኤ256 ድምር (ፋይሉ ሳይጎድልና ሳይለወጥ መምጣቱን የሚያሳይ ረጅም ኮድ) ከድረ ገጹ ከወጣው ጋር አስተያዩ። ዊንዶውስ ላይ ሰቨንዚፕ ካላችሁ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ድምሩን ታገኛላችሁ። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ሁለት ጥቅም ግን አለው። አንደኛው፣ በተቆራረጠ ኢንተርኔት የወረደ ፋይል ሲጎድል ጫኙ መሃል ላይ ትርጉም የሌለው ስህተት እያወጣ ያቆማል፣ ሰውም ጥፋቱን ከማሽኑ ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ በፌብሩዋሪ 2016 የሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የ17.3 ሲናሞን ማውረጃ ወደ ተመረዘ ፋይል እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። ድረ ገጹን የሰበረ ሰው እዚያ የተጻፈውን ድምርም መቀየር ስለሚችል፣ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ድምሩ ያለበትን ፋይል ዲጂታል ፊርማም ያረጋግጣል።

ሳይጭኑ መሞከር

ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን ስታበሩ የቡት ሜኑ (ማሽኑ ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9፤ ኤሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ፤ ኤምኤስአይ ላይ ኤፍ11። ኤሰርም ኤፍ12 ነው፣ ግን መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ (ስርዓቱ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ሜኑውን ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካያችሁ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) የሚለውን ምረጡ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል።

ሚንት ከፍላሹ ሙሉ ለሙሉ ይነሳል፣ ዲስካችሁን አይነካም። ይህን ዕድል ሳይጠቀሙ በቀጥታ ወደ መጫን መሮጥ ትልቁ የጀማሪ ጥፋት ነው። ግማሽ ሰዓት ስጡትና እነዚህን ፈትሹ፦ ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፅ ከስፒከርም ከኢርፎንም ይወጣል? ካሜራው ያሳያል? የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎቹ ይታዘዛሉ? ብሉቱዝ ይገናኛል? የላፕቶፑ ክዳን ተዘግቶ ሲከፈት ማሽኑ ይነቃል? የመጨረሻውን አትርሱት፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ተኝቶ ይቀራል፣ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ስክሪኑ ራሱን ቢቆልፍ የተጠቃሚው ስም ሚንት ነው፣ የይለፍ ቃል የለውም፤ ባዶውን ኢንተር ይባላል። ፍጥነቱን ግን ከዚህ አትለኩ፤ የምታዩት የፍላሹን ፍጥነት ነው።

ከዊንዶውስ ጎን

ዊንዶውስን አጥፍቶ ሚንትን ብቻ መጫን ቀላል ነው፤ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን መርጦ መቀጠል ነው። ሁለቱን አብሮ ማኖር ግን ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

ሰነዶቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ከገለበጣችሁ በኋላ ቢትሎከርን (የዊንዶውስን የዲስክ መመስጠሪያ) እዩ። ዊንዶውስ 11 ያለባቸው ብዙ ላፕቶፖች ሳይጠየቁ ዲስካቸው ተመስጥሮ ነው የሚመጡት። ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ብታጠፉ ወይም የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ብትነኩ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉን ካላገኛችሁት ዳታው የለም። ቁልፉን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወይም ምስጠራውን አጥፍታችሁ ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ።

ቀጥሎ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ። በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል፣ በፓወር ኦፕሽንስ፣ የማጥፊያ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ በሚመረጥበት ገጽ ላይ ነው። ይህ ነገር ሲበራ ዊንዶውስ ጠፋ ቢባልም ከፊሉ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ዲስኩንም ዘግቶ አይወጣም። ሚንት ያንን ክፍል ሲያገኘው ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ወይም ጨርሶ አይከፍተውም።

ቦታ መቀነሱን ከዊንዶውስ በኩል በዲስክ ማኔጅመንት ሥሩት። ሲ ድራይቭ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ሽሪንክ»፣ መጠኑ በሜጋባይት ይጻፋል፤ ለ60 ጊጋባይት 61440። የተገኘውን ባዶ ቦታ ፎርማት ሳታደርጉ ተዉት። ግማሽ ዲስክ ነፃ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ ጥቂት ብቻ ልቀቅ ካለ፣ ሊያንቀሳቅሳቸው የማይችላቸው ፋይሎች መሃል ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ ሃይበርኔሽንን፣ ፔጅ ፋይሉንና ሪስቶር ፖይንቶቹን ለጊዜው አጥፍታችሁ እንደገና ሞክሩ።

አሁን ወደ ዩኢኤፍአይ ነገር። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ተጭኖ ፍላሹ በድሮው ሌጋሲ መንገድ ከተነሳ፣ ጫኙ ዊንዶውስን ላያውቀው ይችላል፤ ቢጫንም ሁለቱ በአንድ የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ አይገናኙም። ጫኙ ዊንዶውስን ካየ «አሎንግሳይድ» የሚል ምርጫ ይሰጣል፣ ለጀማሪ ይበቃል። ካልሰጠ «ሳምቲንግ ኤልስ» ገብታችሁ፣ ባዶው ቦታ ላይ በኢኤክስቲ4 (ሊኑክስ ፋይል በሚያስቀምጥበት አሠራር) አንድ ክፍል ፍጠሩ፣ «ማውንት ፖይንት» በሚለው ቦታ አንድ ስላሽ (/) ብቻ ጻፉ። ማስነሻው ያለበትን ነባሩን የኢኤፍአይ ክፍል ባለበት ተዉት። ትንሽ ነው፣ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት አይበልጥም፤ የፎርማት ምልክቱ ከተደረገበት ግን ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ አይነሳም።

ጫኙ ዲስኩን ጭራሽ ካላሳየስ? በአንዳንድ ባለ ኢንቴል ላፕቶፖች የዲስክ መቆጣጠሪያው ባዮስ ውስጥ በአርኤስቲ ወይም በሬይድ ስለተቀመጠ ነው። ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር አለበት፤ ነገር ግን በቀጥታ ከቀየራችሁት ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። መጀመሪያ ዊንዶውስ በቀጣዩ ጊዜ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አድርጉ፣ ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ቀይሩ፣ ዊንዶውስን አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ አስነሱት፣ ከዚያ ሴፍ ሞዱን አንሱ።

በመጫኑ ሂደት የመልቲሚዲያ ኮዴኮችን (ቪዲዮና ሙዚቃ ለማጫወት የሚያስፈልጉትን) ጫን የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ አንድ የይለፍ ቃል ያስመርጣችኋል፤ እንዳትረሱት። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና «ኢንሮል ሞክ» የሚል ምርጫ ይሰጣል፤ ገብታችሁ ያንን ቃል ጻፉ። ገጹን ካለፋችሁት እንደ ኤንቪዲያ ያሉት ተጨማሪ ድራይቨሮች አይጫኑም፣ ለምን እንዳልሠሩም የሚነግራችሁ የለም።

ተጭኖ ሲያበቃ ማሽኑ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ከገባ የጠፋ ነገር የለም። ባዮስ ገብታችሁ በማስነሻው ቅደም ተከተል «ኡቡንቱ» የሚለውን ወደ ላይ አውጡት፤ ሚንት ራሱን እዚያ የሚያስመዘግበው በኡቡንቱ ስም ነው። የዊንዶውስ ሰዓት በጥቂት ሰዓታት ተዛብቶ ብታገኙትም አትደናገጡ፤ ሚንት የቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ታይምሺፍት ይቅደም። የስርዓቱን ቅጂ ስለሚይዝ፣ ድራይቨር ወይም ማሻሻያ ቢያበላሽ ወደ ኋላ ይመልሳል። «አርሲንክ»ን ምረጡ፣ የሚቀመጥበትን ዲስክ አሳዩት፣ የመጀመሪያውን ቅጂ አሁኑኑ ያዙ። የግል ሰነዶቻችሁን ግን አይይዝም፤ የሆም ፎልደሩ ሆን ተብሎ ተትቷል። ለእነሱ «ባክአፕ ቱል» የሚል ሌላ ፕሮግራም አለ።

ከዚያ አፕዴት ማናጀር። ከማዘመኑ በፊት በሶፍትዌር ሶርስስ ገብታችሁ ቅርብና ፈጣን የሆነውን ማውረጃ ሰርቨር ምረጡ፤ ፍጥነቶቹን ራሱ ለክቶ ያሳያል። ቀጥሎ ድራይቨር ማናጀር። ፋየርዎሉ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ግን አይበራም፤ አንድ ማብሪያ ነው፣ አብሩት።

ፕሮግራም የሚጫነው ከሶፍትዌር ማናጀር ነው። አንዳንዱ በሁለት መልክ ይቀርባል፤ የስርዓቱ ጥቅልና ፍላትፓክ። ፍላትፓኩ አዲስ ዕትም ይሆናል፣ ነገር ግን ከሥሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ የመጀመሪያው አንዱ ብቻ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊያወርድ ይችላል። ቀጣዮቹ ያንኑ ስለሚጋሩ ይቀላሉ። ከ22 ወዲህ ባለቤታቸው ያልተረጋገጠ ፍላትፓኮች ካላበራችኋቸው አይታዩም፤ ተገቢ ውሳኔ ነው። ስናፕ የተባለው የኡቡንቱ መንገድ ከሚንት 20 ጀምሮ ተዘግቷል፤ ምክንያቱ ክሮሚየምን እንደ ተራ ጥቅል ስትጭኑ ኡቡንቱ ሳይናገር ስናፕን አብሮ ያስገባ ስለነበር ነው።

ከተጫኑት ውስጥ ፋየርፎክስ፣ ተንደርበርድና ሊብረኦፊስ የታወቁ ናቸው። ብዙም የማይነገርለት ዋርፒኔተር ነው፤ በአንድ ኔትወርክ ባሉ ኮምፒውተሮች መካከል ያለ ኢንተርኔትና ያለ ፍላሽ ፋይል ያስተላልፋል። በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ከሶፍትዌር ማናጀር አይባስ ለተባለው የቋንቋ መጻፊያ የተዘጋጀውን የኤም17ኤን ጥቅል ጫኑ፣ በ«ኢንፑት ሜተድ» አይባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከአይባስ ምርጫዎች አማርኛ የሚለውን ጨምሩ። በላቲን ቁልፎች ድምፁን ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል።

የማይሆነው ነገር ደግሞ ይታወቅ። ማይክሮሶፍት ኦፊስና ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አይሠሩም። ሊብረኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ውስብስብ ሠንጠረዥና ማክሮ ያለበት ሰነድ ግን ቅርጹ ሊናጋ ይችላል። ከርነል ውስጥ የሚገባ የማጭበርበሪያ መከላከያ ያላቸው ጨዋታዎች አይነሱም። እንጀራችሁ በእነዚህ ላይ ከሆነ ዊንዶውስን አታጥፉ።

ሞክራችሁ ካልተስማማችሁና ዊንዶውስ ጎኑ ካለ፣ የሚንትን ክፍል ዝም ብላችሁ ከዲስክ ማኔጅመንት አትሰርዙ። ማስነሻው ግሩብ የቀረውን ክፍሉን እዚያ ስለሚፈልግ፣ ሲያጣው በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጠበቀ ይቆማል። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን ከላይ አድርጉ፣ ዊንዶውስ በቀጥታ መነሳቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ የኢኤክስቲ4ን ክፍል ሰርዛችሁ ሲ ድራይቭን «ኤክስቴንድ» አድርጉ። ኤክስቴንድ የሚሠራው ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ካለ ብቻ ነው፤ የሪከቨሪ ክፍል መሃል ከገባ ምርጫው ደብዝዞ ይቀራል፣ ያኔ ቦታውን እንደ አዲስ ድራይቭ ፎርማት አድርጎ መጠቀም ይቀላል።